አስታማሚና ታማሚ ሲደባበቁ

አክስቴ ከገጠር ለሕክምና በመጣችበት ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ ነበር። አንደኛው እሷ በተቀመጠችበት ሳሎን የሚወራው ነው፤ የጤፍ ዋጋ፣ የልጆች ፈተና፣ የዝናቡ መዘግየት። ሁለተኛው ማድቤት ውስጥ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ቧንቧ ተከፍቶ፣ በሹክሹክታ የሚወራው ነው። ጡቷ ላይ የወጣው ነገር ካንሰር መሆኑን የምናወራው እዚያ ነበር። ለእሷ የተነገራት «እጢ ነው፤ ይወጣልሻል» የሚል ብቻ ነው። የምርመራው ወረቀት እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቹ ሥር ተቀምጧል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረምን። በሦስተኛው ሳምንት ለመጀመሪያው ኬሞ ወረፋ ይዘን ስንጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ማወቄን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤ ግፊት አለባት» አለችኝ። በሩ ላይ በትልቁ የተጻፈውን በመጀመሪያው ቀን አንብባዋለች። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል መቁጠሯን ከመካከላችን ያስታወሰ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሐኪም ቤት ሲገባ ነርሷ አስቀድማ የምትጠይቀው «አስታማሚ አለሽ?» ብላ ነው። በመንደርም «እሷስ ደኅና ናት፣ ሰው አላት» ይባላል፤ ሰው ያላት ሴት ግማሽ መንገድ እንደዳነች ትቆጠራለች። አክስቴ ሰው ነበራት፤ ያውም ቤት ሙሉ። ሆኖም ሦስት ሳምንት ሙሉ ፍርሃቷን ብቻዋን ታቅፋ አደረች። ለመሆኑ የቅርብ ሰው ለካንሰር ታማሚ ሴት ጭንቀት ምን ያደርግለታል? ያቃልለዋል፣ ያከብደዋል፣ ወይስ እንደ ሰዉና እንደ ቀኑ ነው? ተመራማሪዎች ብዙ ዐሥርት ዓመታት በዚህ ላይ ሠርተዋል። አብዛኛው ጥናት የጡት ካንሰርን የሚመለከት፣ በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ የተሠራ ነው። እዚህ የማነሣው ከዚያ ውስጥ ሚዛን ይደፋሉ ያልኳቸውን ነው፤ ከእኛ ቤት ጋር የሚገጥሙበትንም የሚጋጩበትንም እያሳየሁ።

አስቀድሞ «ጭንቀት» ስለሚለው ቃል ትንሽ። እ.ኤ.አ. በ1977 በኒው ዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የሥነ አእምሮ አገልግሎት ያቋቋሙት ዶክተር ጂሚ ሆላንድ፣ ታማሚዎች «የአእምሮ» የሚል ነገር ሲሰሙ እንደሚሸሹ አዩ። ስለዚህ እሳቸውና የሙያ ጓደኞቻቸው ለዘብ ያለ ቃል መረጡ፤ ዲስትረስ። መለኪያውንም ቴርሞሜትር አስመስለው ሠሩት። ከ0 እስከ 10 ቁጥር አለው፤ ታማሚዋ ባለፈው ሳምንት የተሰማትን ያህል ታከብባለች፤ 4ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠለቅ ብሎ መጠየቅ ይገባል። በአማርኛ ግን ይህ ቴርሞሜትር መግባት ያለበት ሆድ ውስጥ ይመስለኛል። «ጭንቀት አለብሽ?» ስትባል «ተመስገን፣ ምን አለብኝ» የምትል ሴት፣ «ሆድሽን ባር ባር ይልሻል?» ስትባል ወንበር ስባ ትቀመጣለች። እኛ ዘንድ የሚብሰው ሆድ ነው፣ የሚባባው ሆድ ነው፤ የማይነገር ሲሆንም «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ እዚያው ይቆለፋል።

የቀደመው ዘመን ጥናት ትኩረቱ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ላይ ነበር። ነገሩን ያስጮኸው የስታንፎርዱ ሐኪም ዴቪድ ስፒገል እ.ኤ.አ. በ1989 «ላንሴት» ላይ ያወጣው ሥራ ነው። የጡት ካንሰራቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጨ 86 ሴቶች ነበሩ። ከፊሎቹ ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ፣ በየጊዜው ለአንድ ሰዓት ተኩል እየተሰበሰቡ ስለ ሞትና ስለ ልጆቻቸው ሳይሸፋፍኑ አወሩ። ሌሎቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ዓመታት አልፈው ሲሰላ የተሰበሰቡት በአማካይ 36.6 ወር፣ ያልተሰበሰቡት 18.9 ወር ኖረው ተገኙ። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚለው ብሂላችን በሐኪም ማኅተም የጸደቀ መሰለ።

አልቆየም። ካናዳውያን 235 ሴቶችን ይዘው ደገሙትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ የሁለቱም ወገን ዕድሜ አንድ ሆነ፤ 17.9 ወርና 17.6 ወር። ስፒገል ራሱም በ2007 በ125 ሴቶች ደግሞት በጥቅሉ ዕድሜ ሲረዝም አላየም። የብዙ ሰው ዓይን ዕድሜው ላይ ስለተተከለ የካናዳው ጥናት ሌላኛው ግኝት ሳይነበብ ያለፈ ይመስለኛል። መሰብሰቡ የሴቶቹን መንፈስ አቅንቷል፣ የሕመም ስሜታቸውንም ቀንሷል፤ በተለይ ሲጀምሩ ክፉኛ ተጨንቀው ለነበሩት። ሲመጡ ብዙም ያልከፋቸው ያን ያህል አላተረፉም። ዕድሜ አልጨመረም ተብሎ እንደ ከንቱ የተቆጠረው ነገር ለእኔ ዋናው ነው። አንዲት ሴት የቀራትን ዓመት ተኩል ሆዷን ባር ባር ሳይላት ብትኖር ትንሽ ነገር ነው?

ቆጠራው በሌላም በኩል ቀጠለ። በአሜሪካ ነርሶችን ለረጅም ዘመን ከተከታተለው ታላቅ ጥናት ውስጥ ካንዲስ ክሮንኬና ባልደረቦቿ የጡት ካንሰር የያዛቸውን 2,835 ሴቶች ለይተው እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ውጤት አወጡ። ከመታመማቸው በፊት ከሰው ተነጥለው ይኖሩ የነበሩት በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ሰው ከበዛላቸው እጥፍ ገደማ ነበር። የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛና በሕይወት ያለ ልጅ ያላቸው ተጠቀሙ። ምሥጢር የሚያዋዩት ሰው መኖሩ ግን ለብቻው ልዩነት አላመጣም። አጥኚዎቹ የሰጡት ምክንያት የሚያስታምም ሰው ጉዳይ ነው፤ ሐኪም ቤት የሚወስድ፣ ምግብ የሚያቀርብ፣ ቀጠሮ የሚያስታውስ እጅ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና 734,889 የአሜሪካ ታማሚዎችን የቆጠረ ሌላ ጥናትም ያገቡት ካላገቡት ይልቅ በካንሰር የመሞት ዕድላቸው በ20 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ከጋብቻው ይበልጥ የተጠቀሙት ግን ወንዶቹ ናቸው። በሽተኛ ባል ሚስት አለችው። በሽተኛ ሚስት ያላት ባል ነው፤ ልዩነቱን አስታማሚ ሆኖ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

እጅ እንግዲህ ለዕድሜ ይጠቅማል እንበል። ጭንቀቱስ? የጥናቱ መልክ የተለወጠው «ሰው አላት ወይ?» የሚለው ቀርቶ «ያሉት ሰዎች ምን ያደርጋሉ?» መባል ሲጀምር ነው። ኒያል ቦልገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙትን ሥራ ደጋግሜ የማስበው ለዚህ ነው። 102 የጡት ካንሰር ታማሚዎችንና የቅርብ ሰዎቻቸውን በሽታው ከታወቀ በ4ኛው ወርና በ10ኛው ወር ጠየቁ። የታማሚዋ አካል ሲዳከም የቅርብ ሰው እርዳታውን ጨመረ። መንፈሷ ሲዳከም፣ ስትጨነቅና ስታዝን ግን እርዳታውን ቀነሰ። የተሰጠው ድጋፍም ጭንቀቷን ሲያቃልል አልታየም።

ይህን ሳነብ ቤታችን ታየኝ። አክስቴን ከኬሞ በኋላ ሲያስመልሳት ሦስት ሰው ሳፋ ይዞ ይሮጣል፤ አንዱ ግንባሯን ይይዛል፣ አንዷ ሎሚ ትቆርጣለች። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ዝም ስትል ግን ክፍሉ ቀስ እያለ ይራቆታል። ለአንዱ ስልክ ይደወልለታል፤ አንዷ ወጡን ልታይ ትነሣለች። እኔም ተነሥቼ አውቃለሁ። ለሚያስመልስ ሰው ሳፋ ይቀርባል፤ ዝም ላለ ሰው ምን እንደሚቀርብ ያስተማረን አልነበረም። ክፋት አይደለም፤ የምንወደውን ሰው ኀዘን መቀመጫ ሰጥቶ ማየት ይከብዳል። ታማሚዋ ግን የምታየው አንድ ነገር ነው፤ ስታስመልስ ሰው ይመጣል፣ ስታዝን ሰው ይሄዳል። እንዲህ ካየች በኋላ ቀጥሎ ሲከፋት ምን ታደርጋለች? ፈገግ ትላለች።

ለዚህ ሽሽት ደግሞ የተባረከ መሣሪያ አለን፤ «አይዞሽ»። ቃሉን አልጠላም፤ በሰዓቱ ሲባል እንደ እርሱ ያለ ቃል የለም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብላ ስትጀምር «አይዞሽ፣ አታስቢ፣ ስንቱ ድኗል» ከተባለች ወሬው እዚያ ላይ አለቀ። «ለምን እምቢ አለሽ?» ብትባል ኖሮ የምትለው ነበራት። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሻሮን ማኔ በዓመታት ሥራዋ ያሳየችው ከዚህ የራቀ አይደለም። የባል ነቀፋና ወሬ መሸሽ ከሚስት ጭንቀት ጋር አብረው ይሄዳሉ። ልብ ይባል፤ ባልየው የሚናገረው ክፉ ነገር ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፤ ርዕስ ሲለውጥ፣ ቴሌቪዥን ሲከፍት፣ «ይህን ነገር ተዪው በቃ» ሲልም ነው። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 በ238 ሴቶች ላይ ባወጣው ሙከራ፣ ባልና ሚስት አብረው በሚሳተፉበት የስድስት ጊዜ ስብሰባ ይበልጥ የተጠቀሙት ባላቸው የማይደግፋቸው ሴቶች ናቸው። ይህን እንደ መልካም ዜና አነበዋለሁ፤ ባሎቹ ቢማሩ ይማራሉ ማለት ነው።

ሆላንዳዊቷ ማሪየት ሃገዶርን ደግሞ የባልን ድጋፍ ሦስት ቦታ ከፈለችው። አንዱ ጉዳዩን በግልጽ እያነሡ አብሮ መምከር ነው። ሁለተኛው የራስን ፍርሃት ደብቆ ደኅና መምሰል። ሦስተኛው አጉል ጥበቃ፤ ታማሚዋን ከሚገባው በላይ እንደማትችል መቁጠር። የእኛ ቤት ሦስተኛው ላይ ጎበዝ ነው። አክስቴ አንድ ቀን ጠዋት ቡና ልቁላ ብላ ስትነሣ አምስት ድምፅ በአንድ ላይ «ተቀመጪ!» አለ። እጇን አየት አደረገችና «እጄ ደኅና ነው እኮ፤ የታመምኩት ሌላ ቦታ ነው» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ቡናውን ግን አልሰጠናትም።

የሃገዶርን ሌላው ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነው፣ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ነው። ካንሰር ከገባበት ቤት ይበልጥ የሚጨነቀው ማን ነው? ታማሚው ወይስ አስታማሚው? መልሱ ሴቷ ነው። ታማሚ ብትሆንም ሴቷ፣ አስታማሚ ብትሆንም ሴቷ። ሴት ስለሆነች ስሜቷን በቀላሉ ትናገራለች የሚሉ አሉ፤ ይህ ያለ ነገር ነው። ግን ደግሞ የቤቱን ስሜት ተሸክማ የምትዞረውም እሷ ናት። ባሏ ሲኮሳተር እሷ ነች የምታየው፤ ልጇ ከትምህርት ቤት አኩርፎ ሲመጣ እሷ ነች የምትጠይቀው። ካንሰር ሲይዛት ይህን ሥራ የሚረከባት የለም። አክስቴ በወረፋው ላይ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ስለ እናቴ ደም ግፊት ነበር። ስለ ራሷ አንድም አልተነፈሰችም።

ልጆች ላይ የተሠራውም ወደዚያው ይጠቁማል። ብሩስ ኮምፓስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ ወላጅ ካንሰር ከያዘባቸው ልጆች መካከል ከሁሉ የባሰ የተጨነቁት እናታቸው የታመመችባቸው፣ በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ሴቶች ልጆች ነበሩ። በአንድ ወር ውስጥ ከተማሪነት ወደ እመቤትነት የተሸጋገረች የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያየ ሰው አይደነቅም። እናቷም ይህን ታያለች፤ ልጇ እንጀራ ስትጋግር ባየች ቁጥር አንድ ተጨማሪ ነገር ወደ ሆዷ ታስገባለች።

ስለ ባል ሲነሣ የማይቀረው ጥያቄ «ጥሏት ይሄዳል ወይ?» ነው። በየመድረኩ የሚጠቀሰው ማይክል ግላንትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ቁጥር ነው። ከ515 ታማሚዎች ውስጥ ሴቷ ስትታመም 20.8 በመቶው ጋብቻ ፈረሰ፤ ወንዱ ሲታመም 2.9 በመቶው ብቻ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ከመደንገጥ በፊት ግን ታማሚዎቹ እነማን እንደነበሩ ማየት ያሻል። ብዙዎቹ የአንጎል ዕጢ ያለባቸው ናቸው፤ ካንሰር የሌለባቸው የነርቭ ሕመምተኞችም አሉበት። የአንጎል ዕጢ የሰውን ጠባይ ሊለውጥ ይችላልና ከጡት ካንሰር ጋር እኩል አይታይም። በዴንማርክና በኖርዌይ የሕዝብ መዝገብ ይዘው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጡ ሰፋፊ ጥናቶች ደግሞ የጡት ካንሰር ፍቺን ሲያበዛ አላገኙም። በሁለቱም አገር ለየት ብሎ የተገኘው የማኅፀን በር ካንሰር ነው፤ እርሱ ፍቺን ከፍ አድርጓል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት የሚገባ ይመስለኛል፤ የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛቱ ሁለተኛ ነውና። መነሻው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ይህን ግማሽ እውቀት የሰማ ባል «ከየት አመጣሽው?» ይላል፤ ሚስትም በልቧ «አንተስ?» ትላለች፤ መኝታ ቤቱ ችሎት ይሆናል። ቀሪው ግማሽ እውቀት ግን ይህ ነው፤ ቫይረሱ ከገባ ጀምሮ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ዐሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት ይወስዳል፤ ቫይረሱም ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ሳይነካው የማያልፈው ተራ ቫይረስ ነው። መቼና ከማን እንደመጣ የሚያውቅ ሐኪም የለም። ይህን ሁለት ዓረፍተ ነገር ባልና ሚስቱን አብሮ አስቀምጦ የሚነግር ባለሙያ ከብዙ የምክር ሰዓት የበለጠ ጭንቀት የሚያነሣ ይመስለኛል።

ባል ከሌለ ወይም ካልሆነ ጓደኛና ጎረቤት አለ። በተለይ ያው በሽታ ያለፈባት ሴት። አሜሪካ ውስጥ ይህን መልክ ያስያዘችው ጡቷን ያጣችው ቴሬዝ ላሰር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ከቀዶ ሕክምና የነቁ ሴቶችን አልጋቸው ድረስ እየሄደ የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ጀመረች። ደግ ሥራ ነበር፤ ሁሉንም ግን አላስደሰተም። ገጣሚዋ ኦድሪ ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1978 ጡቷ ሲቆረጥ ከዚሁ ማኅበር የመጣችው ጠያቂ ጡት የሚመስል ማስመሰያ ይዛላት መጣች። ሎርድ ያንን ስጦታ «እንዳልሆነ ምሰዪ» የሚል ትእዛዝ አድርጋ ነው ያየችው፤ በ1980 ባሳተመችው «ዘ ካንሰር ጆርናልስ» ላይም ቅሬታዋን ሰፋ አድርጋ ጽፋዋለች። ጠያቂም እንደ ቤተሰብ መደበቅን ሊያስተምር ይችላል።

ቪኪ ሄልገሰንና ባልደረቦቿ ይህን በ312 የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶች ላይ ፈትሸውታል። እርስ በርስ የመወያያ ቡድን ባላቸው ወይም ሐኪማቸው ለማይደግፋቸው ሴቶች ጠቀመ። ቤታቸው ሞቅ ያለ ድጋፍ ላላቸው ግን ጎዳ። ምናልባት ከቤት ደኅና የሆነውን ነገር እዚያ ሄደው ሲያወዳድሩት ተናጋባቸው፤ ምናልባት የሌሎችን ፍርሃት ተሸክመው ተመለሱ። ስለ በሽታው፣ ስለ ሕክምናው ዕውቀት የሚሰጠው ስብሰባ ግን በጥቅሉ ሻል ያለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «ቡድን ይቋቋም» የሚለው ምክር፣ ለማን ተብሎ ካልተጠየቀ፣ አንዷን ሲያድን ሌላዋን ያቆስላል።

የቅርብ ሰው ድጋፍ ከሰውነት ጋር ስላለው ትስስር ብዙ አልልም። በአዮዋ የምትሠራው ሱዛን ሉትገንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ2012 በ168 የእንቁልጢ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ባወጣችው ጥናት፣ የልብ ቅርበት ያላቸው ሴቶች ረዘም ያለ ዕድሜ ኖረዋል፤ የእጅ እርዳታ ማግኘት ግን ልዩነት አላመጣም። ከነርሶቹ ጥናት ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ እዚያ የጠቀመው እጅ ነበር። የበሽታው ዓይነት ይሁን የአጠያየቁ፣ ሁለቱን ያስታረቀ ሥራ አላየሁም። ጭንቀት ካንሰርን ያባብሳል ብሎ ለታማሚዋ መንገር ግን ከዚህ ሁሉ አይወጣም፤ እንዲያውም ለመጨነቅ አዲስ ምክንያት መስጠት ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ የምጀምረው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ እዚያ ለሚሠሩ ሐኪሞች አንድ ጽሑፍ አሳተመች፤ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ ዜና እንዴት ይነገር የሚል። የአሜሪካ ሐኪም ታማሚውን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ካንሰር ነው» ይላል፤ ለእሱ ይህ የታማሚው መብት ነው። ለኛ ሰው ደግሞ ጭካኔ ነው። የውብዳር ያስረዳችው ክፉ ዜና በእኛ ዘንድ አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ ወይም ለጓደኛ እንደሚነገር፣ ሰዓቱንና አኳኋኑንም እነርሱ እንደሚመርጡ ነው። መርዶ የለመደ ሁሉ ይህ ይገባዋል።

ከ29 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የኢትዮጵያና የስዊድን ተመራማሪዎች ጥያቄውን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወስደው ታማሚዎችን፣ ቤተሰብንና ሌላውን ሕዝብ ለየብቻ ጠየቁ። ታማሚዎቹ የፈለጉት መረጃ ቤተሰብና ሕዝቡ ሊነገራቸው ይገባል ካለው የበለጠ ሆኖ ተገኘ። አልጋ ላይ ያለው ሰው ማወቅ ይፈልጋል፤ አልጋው ዳር የቆመው ነው የማይፈልገው። እዚያው የቆመ ሰው ግን ነገ ቢታመም ሐሳቡን ይቀይራል ማለት ነው።

ሁለቱ ጽሑፎች ይጣላሉ ብዬ አላስብም። መርዶን አስቡት። ማታ አይነገርም፣ ብቻዋን ለሆነች ሴት አይነገርም፤ ማልደው ተሰብስበው ነው የሚሄዱት፤ የሚይዛት ሰው ከጎኗ ይቆማል፤ ከተነገራትም በኋላ ቤቱ ሰው አይለየውም። ይዘገያል እንጂ ሳይነገር የቀረ መርዶ ግን የለም። እኛ አክስቴን የያዝናት በመርዶ ግማሽ ነው፤ ማዘግየቱን ወሰድን፣ ሰብሰብ ብሎ መናገሩንና ከተናገሩ በኋላ አብሮ ማደሩን ተውነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ተረት ባለው አገር በሽታውን ከባለቤቱ መደበቅ የተለመደ መሆኑም ራሱን የቻለ ተረት ነው።

በዚህ ላይ መንገዱና ገንዘቡ ይጨመራል። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ ከክፍለ ሀገር የምትመጣ ሴት ወራት ከቤቷ ትርቅ ነበር። አብሯት የሚመጣው አስታማሚ ከተማ የሚያውቅ ወንድም ወይም ትልቅ ልጅ ነው፤ ከሐኪሙ የሚነጋገረውም እሱ ነው። ሆዷን የምታዋያት እህቷ ከብቶቹና ልጆቹ ጋር ቀርታለች። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ከሩቅ ለሚመጡ ታማሚዎች አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ አዘጋጅቷል። የማይተዋወቁ ሴቶች አልጋ ለአልጋ ሲያድሩ ከስፒገል ስብሰባ ብዙም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በአዲስ አበባ 428 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት ከአራቱ አንዷ ገደማ ድብርት እንዳለባት አግኝቷል። ይህን ቁጥር የሚመጥን የሥነ ልቦና ባለሙያ በካንሰር ክፍሎቻችን ገና የለም፤ ስለዚህ የቅርብ ሰው በእኛ አገር የባለሙያውን ወንበርም ይዟል፤ ሳይሠለጥን።

በጠቅላላው ጥናቱ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙው ሥራ አንድ ቀን ጠይቆ የተመለሰ ነው፤ የተጨነቀች ሴት «ማንም አይረዳኝም» ስትል፣ ያልተረዳች ሆና ነው የተጨነቀችው ወይስ ስለተጨነቀች ነው የቀረበላት ያልታያት? ቦልገር ሰው ከኀዘንተኛ እንደሚሸሽ ስላሳየ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጭንቀት ሰው ያርቃል፣ የራቀ ሰው ጭንቀት ይጨምራል። ሁለተኛም፣ ጥናቱ «የቅርብ ሰው» ሲል ከሁሉ በፊት ባልን ያስባል። የእኛን የእናት፣ የእህት፣ የአክስት፣ የእድር ጎረቤትና የንስሐ አባት መረብ የሚለካ መጠይቅ ገና አልሠራንም። ቤት ሙሉ ጠያቂ በየቀኑ ሲመጣ ያስደስታል ወይስ ያደክማል? ከኬሞ በሦስተኛው ቀን ዐሥራ ሁለት ሰው ያስተናገደች ሴት መልሱን ታውቃለች፤ የጠየቃት ግን የለም።

አክስቴ ሕክምናዋን ጨርሳ አገሯ ገባች። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ እሑድ ከእናቴ ጋር ቡና ስንጠጣ፣ እስከዚያ ቀን የቆጠብኩትን አወጣሁት፤ በወረፋው ላይ በጆሮዬ ያለችኝን ነገርኳት። እናቴ አልደነገጠችም። ረከቦቱ ላይ ያለውን ስኒ አዟዟረችው።

«ማወቋንማ አውቄያለሁ» አለች። «ነጠላ ልታወጣ ገብታ ወረቀቱን ገልብጣው አገኘሁት። እኔ ሳስቀምጠው በጀርባው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እሷ ዝም ስትል» አለችና ሁለተኛውን ልትቀዳ ጀበናውን አነሣች።